የመጤዎች መስኮት

የማትሪክ ውጤታችን የተነገረ ዕለት እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ ካሉት ባለ ቁጥር ጎዳናዎች በአንዱ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ ልብስ ትተኩሳለች። አሠሪዎቿ ፊት ስልክ ስለማታነሳ ልነግራት አልቻልኩም። ስለዚህ ከከተማው ዳር፣ ካላክላ ያለው ግቢያችን ያለ እሷ ተደሰተ። የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም ሐጃ እያልን የምንጠራት ሱዳናዊት አሮጊት፣ እልልታዋን ስታቀልጠው የሰፈሩ ሴቶች ተጠራርተው መጡ። አንዷ ሸርባት የሚባለውን ጣፋጭ መጠጥ በጠበጠች፣ ሌላዋ ቴምር ይዛ ገባች። እናቴ አመሻሹ ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤት ስትታጠፍ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አየችና ባለችበት ቆመች። ያን ያህል ሰው ደጃችን ተሰብስቦ አይታ አታውቅም። ሰው የሞተ መስሏት ነበር።

ሐጃ ወጥታ አቀፈቻትና ልጅሽ ዶክቶራ ልትሆን ነው አለቻት። እናቴ ዐረብኛውን በደንብ ትሰማለች፤ ግን እንዳልሰማ ሰው እኔን አየችኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት። እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለለችበትን ቶብ ሰብሰብ አድርጋ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ደስ አላት ማለት አልችልም። ደስታው የመጣው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝም ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው።

የተወለድኩት ኮምቦልቻ አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ በመተማ በኩል ድንበር ስትሻገር አፌን እንኳን አልፈታሁም ነበር። ስለዚህ ለእኔ አገር ማለት ካርቱም ነበረች። የሰፈሩ አቧራ፣ በጋ ላይ ሰማዩን ቀይ አድርጎ የሚመጣው የአሸዋ ንፋስ፣ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ፊደል፣ ይኼ ነው የማውቀው። አማርኛዬን ያገኘሁት ከእናቴ ብቻ ነው። የቤት አማርኛ ነው፤ ብዪ፣ ተነሺ፣ ታጠቢ፣ አላህ ያሳድግሽ የሚባልበት። አባቴ ደግሞ ሞቷል ተብዬ ነው ያደግሁት። ከሰገድኩ በኋላ ዱዓ ሳደርግ እሱን ረስቼው አላውቅም ነበር።

ሐኪም የመሆን ሐሳብ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። የመጣው ከማስተርጎም ነው። ካላክላ ውስጥ ከአገር ቤት የመጡ ብዙ ሴቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች፣ ሰው ቤት የሚሠሩ። የገበያና የሥራ ዐረብኛ ይችላሉ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ግን ይጠፋባቸዋል። የውስጥ ሕመምን በሰው ቋንቋ መናገር ከባድ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዷ በር ላይ ትጠብቀኝና እናቴን አስፈቅዳ ጤና ጣቢያ ትወስደኛለች። በልጅነቴ ልጅ የማይሰማውን ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን የወሰደችኝ ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ የገፋ፣ ራሷ ገና ልጅ የምትመስል። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ከጥቂት ቀን ወዲህ ልጁ ሆዴ ውስጥ ዝም አለብኝ ብላ ነው የመጣችው። ሐኪሙ በመሣሪያው አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ልቡ አይመታም፣ ንገሪያት አለኝና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቀው ነበር። እኔም ነገርኳት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና መጠየቅ ጀመረች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ውኃ የተሸከምኩበት ቀን ነው? ሴት ነበረች ወይስ ወንድ? አሁን ምን ያደርጉኛል? ሁሉንም የጠየቀችው እኔን ነው። ቋንቋውን ስለማውቅ ነገሩንም የማውቅ መሰላት። እኔ ግን የማውቀው ቃሉን ብቻ ነበር። ነርሷ መጥታ እስክትወስዳት ድረስ እጄን አልለቀቀችም፤ እኔም አንድ መልስ እንኳን አልሰጠኋትም። ያን ቀን በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ የፈለግኩት መልሱን ማወቅ ነው። ሰው ለመርዳት የሚባለው ሐሳብ በኋላ፣ ትልቅ ስሆን የመጣ ነው።

ወደ ውጤቱ ልመለስ። የክፍል ጓደኞቼ የዩኒቨርሲቲ ምርጫቸውን ሊሞሉ ወደ ምዝገባ ቢሮ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ ሰርተፊኬቴን ሳቀርብ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ዜግነት የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። መብሩክ፣ ጎበዝ ነሽ፣ ግን ያንቺ እዚህ አይደለም፣ የዋፊዲን መስኮት በዚያ በኩል ነው አለኝ። ዋፊዲን ማለት መጤዎች ማለት ነው፤ ከሌላ አገር ለትምህርት የመጡ። ጓደኞቼ ሰልፉ ላይ ቀሩ፣ እኔ ሕንጻውን ዞሬ ሄድኩ። እዚያ በኩል ያለው መስኮት ሰልፍ አልነበረውም። ከቻድ የመጣ አንድ ልጅ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሻንጣውን ሳይ ደነገጥኩ። እኔ የመጣሁት ከካላክላ ነው፤ የያዝኩት የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ብቻ ነው።

እዚያ ያለችው ሴትዮ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የውጭ ተማሪ የሚከፍለው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ያ ለእናቴ የማይታሰብ ነገር ነው። ነገር ግን ለጎረቤት አገር ልጆች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ጥቂት ቦታ አለ። ለዚያ ለማመልከት ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ከኤምባሲ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ፓስፖርት አለሽ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ኢንሻላህ አልኳት። ካርቱም ውስጥ ይኼ ቃል የለኝም ለማለትም ይሆናል፤ እሷም እንደዚያው ነው የሰማችው መሰለኝ።

ፓስፖርት ቀርቶ ስሜ ያለበት የአገሬ ወረቀት አንድም አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ያስገባችኝ ሐጃ ናት፤ ርእሰ መምህሯን ታውቃት ስለነበር። እናቴም የረባ መታወቂያ የላትም። የመኖሪያ ፈቃዷ ከታደሰ ዓመታት አልፈዋል። ፖሊስ የውጭ ሰዎችን እያፈሰ በሚያስርበት ወቅት፣ ካሻ የምንለው ነው፣ ሥራ ላይ ታድራለች እንጂ መንገድ አትወጣም። ውጤቴ የተነገረ ቀን ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ይኼ ነበር። ቢሮ መሄድ እንደሚመጣ ወዲያው ገብቷታል።

ኤምባሲ ብቻዬን ሄድኩ። ግቢው በወጣት ወንዶች የተሞላ ነበር። የቀን ሥራ ሠርተው ወደ ሌላ አገር ለማለፍ የሚጠብቁ፣ ወረቀት የጠፋባቸው፣ ወንድማቸው የታሰረባቸው። ሁሉም የሚያወሩት አማርኛ ፈጣንና ሰፊ ነበር፤ እኔ የማላውቀው ቀልድ ሞልቶበታል። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረው ሹም ጎልማሳ ነው፣ ወፈር ያለ፣ መነጽር ያደረገ። ዐረብኛ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፤ እናቴ አንቱ የምትለው ደግሞ ሽማግሌን ብቻ ነው። ሰውዬው ጸጉሩ ጥቁር ስለነበር፣ «ፓስፖርት የምትሰጠው አንተ ነህ?» አልኩት። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለኝ።

የአባቴን ስም ነገርኩት። ወረዳዬን ጠየቀኝ፤ የወረዳውን ስም አላውቅም፤ የከተማዋን ነገርኩት። ቀበሌሽ አለኝ። እሱንም አላውቅም። የገበያ ቀኑ መቼ ነው አለኝ። እሱን አውቃለሁ፤ እናቴ ልብስ ስትተኩስ ስለዚያ ገበያ ታወራለች። ተናገርኩ። እንደ ጥሩ አስተማሪ ራሱን ነቀነቀና ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ሁሉ ኢትዮጵያዊ አይደለም፣ እኔ የማምነው ወረቀት ነው አለ። ገና አሥራ ስምንት ስላልሞላኝ እናቴን ወይም አባቴን ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። አባቴ እንደሞተ ነገርኩት። እንግዲያው እናትሽን አለኝ።

እናቴ አልሄድም አለች። ሳትጨቃጨቅ ሥራዋን ቀጠለች። የማመልከቻው ጊዜ እየተጠጋ ነበር። ሐጃ በመካከል ገብታ ለምናት ነበር፤ እኔ ልውሰዳት፣ እኔ ልመስክር አለች። እናቴ አመሰገነቻትና እምቢ አለች። የምትፈራው ፖሊሱን ብቻ መስሎኝ ስለነበር የትኛው መንገድ ላይ ኬላ እንደሌለ ሁሉ አጥንቼ ነገርኳት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ለኢድ የምትለብሰውን ቶብ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያላ፣ ተነሺ አለችኝ። አሠሪዋን ፈቃድ ጠይቃ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል አልተቀመጠችም። ድልድዩ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እጇን ልይዝ ስል እጄን ቀስ ብላ መለሰችልኝ። ኤምባሲው ግቢ ስንገባ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ቀና አለች። ሹሙን በአገሯ ደንብ ሰላም አለችው፤ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ሥራውን ጠየቀችው፤ እሱም ሳያስበው ተነሥቶ መለሰላት። ጥያቄውን አንድ በአንድ መለሰች። ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የአባቷ ስም፣ ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ ስም። እኔ አጠገቧ ቆሜ የማላውቀውን አገሬን እሰማ ነበር።

«የልጅቷ አባት በሕይወት የሉም ብላኛለች» አላት። «የሞት ወረቀት አላችሁ?»

እናቴ እኔን አላየችኝም። መስኮቱ ላይ ያለውን ብረት ያዘች።

«አለ» አለች። «አልሞተም። እዚያው ነው ያለው።»

ሹሙ ይኼ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ፊቱ ፈካ። እንግዲያው ነገሩ ቀሎልናል አለ፤ አባትየው ቀበሌ ሄደው ልጄ ናት ብለው ያስመስክሩ፣ የልደት ወረቀት ያውጡና ይላኩ፣ ከዚያ የኔ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ ደጋግሞ አስረዳን። እናቴ አላህ ይስጥልኝ አለችው። 

ወጥተን መንገዱ ዳር ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ጋ ተቀመጥን። ሴትዮዋም የአገራችን ሰው ናት፤ ብርጭቆዎቹን አቀረበችና ፊታችንን አይታ ፈቀቅ አለች። እናቴ ሻይዋን አልነካችም። ሌላ ሚስት አገባብኝ አለች። እዚያው ሰፈር፣ አጥር ለአጥር። ሰው ሁሉ ይኼ ደንብ ነው፣ ቻዪው አለኝ፤ አንድ ዓመት ቻልኩት። ከዚያ አንቺን አዝዬ ወጣሁ።

«ሞተ ያልሽኝ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ልጅ ሆነሽ አባቴ የት ነው ስትይኝ ነው። አለ ብልሽ ለምን አይመጣም ትያለሽ። ሞቷል ስልሽ ዱዓ አደረግሽለትና ተኛሽ።» ቶቧን እያስተካከለች፣ «ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠፋኝ» አለች።

ተናድጄ ነበር። ስንት ዓመት ለሞተ ሰው ጸልያለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከንዴቱ ጋር አብሮ ሌላ ሐሳብ ነበር፤ አባቴ ሕያው ከሆነ ፓስፖርት ይገኛል የሚል። ሁለቱ ሐሳቦች እንዴት አንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ገርሞኛል። እናቴን ያን ጊዜ ምንም አላልኳትም። ይቅር ማለቴን እንኳን ያወቅኩት አንድ ቀን እንደ ድሮው ጸጉሯን ስጎነጉንላት ነው።

የአባቴን ስልክ ቁጥር ያገኘችልን ባሕሪ የምትኖር አንዲት የአገሩ ልጅ ናት። እናቴ ቁጥሩን ሰጠችኝና ራሷ ወደ ሐጃ ቤት ሄደች። ዓርብ ከሰዓት ነበር። ስልኩ ሲነሳ ከጀርባ ትልቅ ሞተር ይጮኻል፤ አባቴ ወፍጮ ቤት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ማን ልበል አለ፤ እየጮኸ። የእናቴን ስም ነገርኩት። ከዚያ የራሴን።

«ቆይ» አለ። «ወፍጮውን ላጥፋው።»

ሞተሩ እየተንተባተበ ሲጠፋ ሰማሁት።  ልናገረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ። ወቀሳውን በዐረብኛ አስቤ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሳምንቱን ሙሉ ስታገል ነበር። እሱ ግን፣ «እሺ ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ?» ሲለኝ ሁሉም ጠፋኝ፤ ስለ ወረቀቱ ብቻ ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ አለ። የምን ትምህርት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሕክምና አልኩት።

«አብሽሪ» አለኝ። አይዞሽ ማለት ነው በወሎ እስላም አነጋገር፤ እናቴም ትለኛለች። በወንድ ድምፅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።  

እንዳለው ሄደ። ቀበሌው እማኞች ጠየቀው፤ አመጣ። ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ ገዳሪፍ ደርሶ፣ ከገዳሪፍ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣልን። ሹሙ አገላብጦ አየውና ከመነጽሩ በላይ አየኝ፤ አሁን ኢትዮጵያዊት ሆንሽ አለኝ። እየቀለደ ነበር። ፓስፖርቱንም ደብዳቤውንም አገኘሁ፤ የማመልከቻው መስኮት ሊዘጋ ሲል አስገባሁ።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው አንድ ያረጀ የሕክምና ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሦስት ፕሮፌሰሮች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሽበታም ሴት። ከእኔ በፊት የገቡት የውጭ ልጆች በመጽሐፍ ዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት። እኔ በካርቱም ዐረብኛ አፌን ስከፍት አንደኛው ፕሮፌሰር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ይኼ የመጤዎች ቃለ መጠይቅ ነው» አለኝ።

መጤ ነኝ አልኩት። የት ነው የምትኖሪው አለኝ፤ ካላክላ። የት ተማርሽ፤ ካላክላ። ሳቀ፤ አንቺማ የኛው ልጅ ነሽ፣ እንዴት ብለን ከውጭ የመጣሽ እንበል አለ። ደግ ንግግር ነበር። ግን የኛው ልጅ ከሆንኩ በዋናው መስኮት በኩል እገባ ነበር፤ ይኼን ግን አልተናገርኩም። ፓስፖርቴን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አስጠጋሁላቸው። ስለ ባዮሎጂ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ለምን ሕክምና አሉኝ። ስለዚያች ሴት ነገርኳቸው፤ ስለጠየቀችኝ ጥያቄና መልስ ስላጣሁበት።  ስጨርስ ሽበታሟ ሴት ቀጠለች።

«ይኼ ቦታ የሚሰጠው ተምረው ወደ አገራቸው ለሚመለሱ ነው» አለች። «ትመለሻለሽ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ሁሉም የሚሉት እሱን ነው፤ የዋፊዲኗ ሴትዮም እንደዚያ በዪ ብላ መክራኝ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «ለመመለስ መጀመሪያ ሄጄ ማየት አለብኝ።»

አንድ ነገር ጻፈች። ጨርሰሻል አሉኝ። አበላሸሁት ብዬ ከግቢው እስክወጣ አለቀስኩ።

ከዚያ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ከተማው ያኔ በተቃውሞ ሰልፍ ይናጥ ነበር። ጎማ ይቃጠላል፣ ድልድዮቹ ይዘጋሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ይከፈታሉ ሲባል ተመልሰው ይዘጋሉ። ጓደኞቼ አልፈው ክፍል ሳይጀምሩ ቤት ተቀመጡ፤ እኔ ደግሞ አልፌ ይሁን ወድቄ ሳላውቅ። ዐማራት አንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ እያነሣሁ፣ ወለል እየጠረግኩ ቆየሁ። የምሥራቹን የሰማሁትም እዚያው ነው፤ የዋፊዲኗ ሴትዮ ራሷ ደወለችልኝ። ዐማራት ውስጥ ስለነበርኩ በእግሬ ወደ እናቴ አሠሪዎች ቤት ሄድኩ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም ነበር። ደወሉን ስጫን የከፈተችልኝ ራሷ እናቴ ናት፤ እጇ በሳሙና ርሶ። ገባሁ አልኳት። ወዴት አለችኝ፤ ቤቱን መስሏት። ነገሩ ሲገባት እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። የቤቱ እመቤት ማን ነው የመጣው ብላ ከውስጥ ስትጣራ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በዐረብኛ፣ «ልጄ ናት፣ የሕክምና ተማሪ» ብላ መለሰች።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተመዘገብኩ፤ ተማርኩ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ የሚወራ ብዙ አለ። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ሆስፒታል መግባት ጀምረን ነበር። ሐጃ ልጇ ጋ ወደ መደኒ ከተማ ሄደች፤ እናቴና እኔ በገዳሪፍ በኩል ድንበሩን መልሰን ተሻገርን፤ በዚያ በመጣንበት በመተማ። አሁን የምማረው አገር ቤት ነው። የካርቱም የትምህርት ማስረጃዬ እስኪረጋገጥ ብዙ ተንከራትቻለሁ፤ በመጨረሻ ፈተና ሰጥተው አንድ ዓመት ወደ ኋላ አድርገው ተቀበሉኝ። አማርኛዬን ሰምተው ከየት ነሽ ይሉኛል። እናቴ ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ከሐጃ ጋር በስልክ የምታወራው አሁንም በዐረብኛ ነው።

ኮምቦልቻ የደረስን ሰሞን አባቴ ምሳ ጠራን። እናቴ አልሄድም ትላለች ብዬ ነበር፤ ሄደች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ቤት ነው። አባቴ ከድምፁ ያነሰ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያለበት። ጉንጬን ሳመኝ። የደም ግፊት አለብኝ ይላሉ ብሎ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ የሚሰጠኝ ሌላ ነገር ያጣ ይመስል። መሣሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካሁለት። ከፍ ብሎ ነበር፤ ስለ ጨው ነገርኩት። እሺ፣ እሺ አለ።

ሚስቱ ገበታውን አቀረበች። ደርባባ ሴት ናት፣ ብዙ አትናገርም። ከተበላ በኋላ ወሬ ለመፈለግ ያህል አባቴን ያን ጊዜ ቀበሌ የመሰከሩልኝ እነማን ነበሩ አልኩት። የሁለት ሽማግሌዎችን ስም ጠራልኝ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሚስቱ አመለከተ።

«ሦስተኛዋ እሷ ናት» አለ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሳህን እየሰበሰበች ነበር። እናቴን እንጂ እኔን አላየችም።

«ልጅቷን አዝለሽ በጎሕ ስትወጪ ያየሁሽ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለቻት። «አጥሩ ላይ ቆሜ። ልቀስቅሰው ብዬ ነበር። ከዚያ እንድትሄጂ ተውኩሽ። ቀበሌ ሲጠይቁኝ ይኼንኑ ነው የነገርኳቸው፤ ልጅ በጀርባዋ ነበር፣ አይቻለሁ አልኩ።»

 አባቴ ይኼን ሲሰማ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እናቴ ሴትዮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነሣች፤ የቶቧን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ከሳህኖቹ ግማሹን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ተከታትለው ወደ ጓዳ ገቡ። ውኃ ሲቀዳ፣ ሳህን ሲታጠብ ይሰማ ነበር። የሚነጋገሩትን ግን አልሰማሁም፤ እናቴም እስካሁን አልነገረችኝም።